ከመፈረምዎ በፊት፦ የማን ሠራተኛ ሊሆኑ ነው?

ከሜክሲኮ ወደ ልደታ ሲያቀኑ ሰንጋ ተራ ላይ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። በመስታወቱ በር የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ፈታሹን ነው፤ ቀጥሎ ወለል የምትወለውለውን፤ ምድር ቤት ሲወርድ መኪና የሚያስቆመውን ልጅ። የደንብ ልብሳቸው ከሕንፃው ጋር የተስማማ ነው። ወር ሲደርስ የሚከፍላቸው ግን ብዙ ጊዜ የሕንፃው ባለቤት አይደለም፤ ሌላ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚሠራ ኤጀንሲ ነው። "ሥራ ተገኝቷል፤ ነገ ጠዋት ና ፈርም" የተባለ ሰው ሌሊቱን ሊያስብበት የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው፤ የማን ሠራተኛ ልሆን ነው?

ሠራተኛን የሚጠብቅ ሕግ የለም ሲባል እንሰማለን። አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ወጥቶ አዋጅ ቁጥር 377/1996ን ተክቷል፤ ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይም ለሠራተኛው ያደላል። ጉዳቱ የሚመጣው ከሌላ ወገን ነው። ሕጉ የሚያግዘው አሠሪውን ለይቶ ለሚያውቅ፣ ወረቀት ለያዘና ቀን ለሚቆጥር ሰው ነው። ከፈረሙ በኋላ ይህን ሁሉ ማወቅ ይቻላል፤ ግን ያኔ የሚጠይቁት ውለታ ይሆናል፣ ዛሬ ግን ገና ተደራዳሪ ነዎት።

ኤጀንሲ ወይስ ድርጅቱ ራሱ?

ከሰንጋ ተራ ባንኮች ጥቂት እርምጃ ርቆ ኮሜርስ አለ፤ ትንሽ ወረድ ሲሉ ተግባረ ዕድ። ከሁለቱም ተመርቆ የወጣ ልጅ ሕልሙ በቀጥታ ለባንኩ መቀጠር ነው። በቀጥታ ሲቀጠሩ ነገሩ አጭር ነው፤ የሚያዝዝዎትም፣ የሚከፍልዎትም፣ ቢያባርርዎ የሚከሱትም አንድ ድርጅት ነው። ጥበቃ፣ ጽዳት፣ መልእክተኛ፣ ሾፌር ሲሆን ግን አብዛኛው ሥራ ዛሬ "አውትሶርስ" ይባላል። ባንኩ ለኤጀንሲው በሰው ቁጥር ይከፍላል፤ ኤጀንሲው የራሱን ድርሻ ያስቀርና ቀሪውን ለሠራተኛው ይሰጣል።

ይህ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። አዋጁ የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲን ያውቀዋል፤ ሥራ ፈላጊን ከአሠሪ ማገናኘት ወይም ሠራተኛውን በራሱ ሥር ቀጥሮ ለሌላ ድርጅት ማቅረብ ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። ካገናኘ በኋላ የሚወጣ ከሆነ አሠሪዎ ባንኩ ነው። በራሱ ሥር ቀጥሮ የሚያቀርብ ከሆነ አሠሪዎ ኤጀንሲው ነው፤ ባንኩ ለእርስዎ የሥራ ቦታ እንጂ አሠሪ አይደለም። ስለዚህ ውሉ ላይ "አሠሪ" ከሚለው ቃል ፊት ለፊት የተጻፈውን ስም ያንብቡ። እዚያ ያለው ስም ነው ነገ ፍርድ ቤት የሚጠራው።

የኤጀንሲው ስም ከሆነ፣ አራት ነገር ይጠይቁ። ፈቃዱ ለዘንድሮ ታድሷል ወይ? (የከተማው ሥራና ክህሎት ቢሮ የሚሰጠው ነው፤ ቢሮው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ማየት ይገባዎታል።) ባንኩ ለእኔ ቦታ ስንት ይከፍላል፣ እኔ ስንቱን አገኛለሁ? ዓመት ፈቃዴንና የትርፍ ሰዓቴን የሚከፍለው ማነው? አራተኛው ከሁሉም ይብሳል፤ ባንኩ ከእናንተ ጋር ያለውን ውል ቢያቋርጥ እኔ ምን እሆናለሁ?

ሁለተኛውን ጥያቄ የሚመልስልዎ ኤጀንሲ ብዙ አያገኙም። መጠየቁ ግን አይከፋም፤ ሲጠየቅ ፊቱን የሚያጠቁርን ሰው ገና ሳይጀምሩ አወቁት ማለት ነው። አራተኛውን በቃል ብቻ መልሰው እንዳያሰናብቱዎት። ሕንፃዎቹ ኤጀንሲ ሲለውጡ ሠራተኛው የሚሰማው "ልብሱን መልስ" የሚለውን ነው፤ ወይም አዲሱ ኤጀንሲ እዚያው ቦታ፣ እዚያው በር ላይ እንደ አዲስ ያስፈርመዋል፣ የሦስትና የአራት ዓመት አገልግሎቱም ዜሮ ይሆናል። አሮጌው ኤጀንሲ ሳይከፍል ያሰናበተው ሰው የሚጠይቀው ገንዘብ አለው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሥራ አጥቶ ለተቀመጠ ሰው "በኤጀንሲ አትግባ" ብሎ መምከር ለመካሪው ቀላል ነው፤ የቤት ኪራይ የሚከፍለው እሱ አይደለም። ይግቡ። ግን የባንኩ ሠራተኛ ነኝ ብለው አይግቡ።

ሥራ ለማግኘት ብር ተጠይቀዋል?

"መመዝገቢያ 300 ብር፤ የመጀመሪያ ወር ደመወዝህን ግማሽ ደግሞ ለእኛ።" ይህን የሚልዎ ደላላ ከሆነ ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ ያውቁታል። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ከሆነ ግን አዋጁን እየጣሰ ነው፤ ኤጀንሲ ለአገልግሎቱ ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ መቀበል አይችልም፣ የሚከፍለው አሠሪው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1999 ያጸደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 181 መነሻውም ይኸው ነው። "በተዘዋዋሪ" የምትለዋን ያዙልኝ። ለደንብ ልብስ፣ ለሥልጠና፣ ለመታወቂያ ባጅ እየተባለ ከመጀመሪያው ደመወዝ የሚነሳው ብር በዚች ቃል ሥር ሊወድቅ ይችላል።

በነጻ የሚገኘው የመንግሥት አገልግሎት ደግሞ ወረዳዎ ውስጥ ነው። ነጻ የመንግሥት የሥራ ቅጥር አገልግሎት እንዲኖር የሚያዝዘውን ስምምነት ቁጥር 88 ኢትዮጵያ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ከሚኒስቴሩ ስም ይልቅ ሐሳቡ ዕድሜ አለው። ዛሬ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ይባላል፤ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው፣ ከዚያ በፊት ጉዳዩ የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር። ከሥሩ የከተማ ቢሮ፣ የክፍለ ከተማና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች አሉ። ወረዳው ላይ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ ይዘው ሥራ ፈላጊ ነኝ ብለው ይመዘገባሉ፤ ምዝገባው የኢትዮጵያ የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት በሚባለው ቋት ውስጥ ይገባል።

ወረዳ ተመዝግቦ በሳምንቱ የተደወለለት ሰው አላውቅም ቢሉኝ አልከራከርም። ነገር ግን ምዝገባው ሥራ ባያመጣም ለሌላ ይጠቅማል፤ ለአጫጭር ሥልጠና፣ ተደራጅቶ ለመሥራት፣ ብድርና መሸጫ ቦታ ለመጠየቅ መጀመሪያ የሚታየው መመዝገብዎ ነው። በተለይ ወደ ውጭ ለሥራ መሄድ የሚያስብ ሰው ያለዚህ ሥርዓት አንድ እርምጃ አይራመድም። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ደላላው ከሚጠይቅዎ ብር ግን ይረክሳል።

ሥራው ቤት ውስጥ ከሆነ

የሰንጋ ተራና የልደታ ኮንዶሚኒየሞች ውስጥ ሞግዚት፣ ምግብ አብሳይ፣ የቤት ሠራተኛ ሆነው የሚገቡ ልጆች ደላላ ቤት ደጃፍ ላይ ሻንጣቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። ለእነሱ ከዚህ በታች የምዘረዝረው አብዛኛው አይሠራም፤ ይህን መደበቅ ማታለል ይሆናል። አዋጅ 1156 ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስነዋል ብሎ አሳልፎታል። ደንቡ ሲጠበቅ የነበረው በ377ም ዘመን ነው። እስከዚያ የቀረላቸው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ስለ ቤት ሠራተኞች ያሉት ጥቂት አንቀጾች ናቸው።

ስለዚህ የቤት ሥራ የምትገባ እኅት ካለችዎ በቃል ውልም ቢሆን ሰው ፊት አስነግሩላት፤ ደመወዟ፣ የምታርፍበት ቀን፣ የምትተኛበት ቦታ፣ ብትታመም ማን እንደሚያሳክማት። ደመወዟ በስሟ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ቢገባ ከሁሉም ይሻላል። ሲከራከሩ እማኝ የሚሆነው እሱ ነው። የቅጥሩን ቀንም የሆነ ቦታ ይጻፉት፤ "አብራን የኖረች ልጅ ናት" የሚለው ክርክር በዚያ ይፈርሳል።

ወረቀቱ

ውል በቃልም ይጸናል። ግን በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር የያዘ፣ የተፈረመ ወረቀት እንዲሰጥዎ አዋጁ ያዝዛል። ካልሰጠዎትም መብትዎ አይጠፋም። አብዛኛው ሰው "ውል ስላልፈረምኩ መክሰስ አልችልም" ብሎ የሚተወው ይህን ባለማወቅ ነው።

ፈርመው ከሆነ ቅጂዎን ሳይዙ አይውጡ። "ማኅተም ይደረግበትና ይሰጥሃል" ይላሉ፤ ያኔ ቢያንስ በስልክዎ ፎቶ ያንሱት። ባዶ ወረቀት ላይ ወይም ቀን ባልተጻፈበት የመልቀቂያ ደብዳቤ ላይ ከፈረሙ ግን የራስዎን መባረር አስቀድመው ፈረሙት ማለት ነው። ዲፕሎማዎን ኮፒ ይስጡ፣ ዋናውን አሳይተው ይመልሱ።

ውሉ ውስጥ ሁለት ነገር ፈልገው ያንብቡ። አንዱ ዘመኑ ነው። ሕጉ ሲነሳ ማንኛውንም ቅጥር ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገምተዋል፤ ለተወሰነ ጊዜ መቅጠር የሚቻለው በተዘረዘሩ ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ለምሳሌ የታመመን ሰው ለመተካት፣ ድንገት ሥራ ሲበዛ፣ በወቅት ለሚመጣ ሥራ። በር ጥበቃ በየትኛውም ዓመት የማይቀር ሥራ ነው። በየስድስት ወሩ "ኮንትራት ታደሰ" እየተባለ ሦስት ዓመት የቆመ ጥበቃ፣ ወረቀቱ ምንም ይበል፣ ላልተወሰነ ጊዜ የተቀጠረ ነኝ ብሎ የሚከራከርበት መሬት አለው።

ሌላው የሙከራ ጊዜ ነው። በጽሑፍ ካልተስማሙበት የለም፤ ካለም ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው ይህ አሥር ሳምንት ያህል ነው። በዚህ ጊዜ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ሊያሰናብትዎ ይችላል፣ እርስዎም መሄድ ይችላሉ። አንድ ቀን ካለፈ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አገልግሎትዎም ከመጀመሪያው ቀን ይቆጠራል። "ስድስት ወር ሙከራ" የሚል ውል ካዩ አይደንግጡ። ከ60 ቀን በላይ ያለው በሕግ ፊት ዋጋ የለውም።

ተያዥ

ጥበቃና ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር "ተያዥ አምጣ" መባሉ የታወቀ ነው። እዚህ ላይ ከእርስዎ ይልቅ የሚያስፈራኝ ፈራሚው አጎትዎ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና ግልጽ መሆን አለበት፤ ዋሱ የሚጠየቅበት የገንዘብ ጣሪያም ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። "ለሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ ኃላፊ ነኝ" ብቻ የሚል ፎርም ሲመጣ፣ ፈራሚው ቁጥሩን ያስጽፍ። ጣሪያ ያለበት ዋስትና ከሆነ ደግሞ ቁጥሩን ከደመወዝዎ ጋር ያስተያዩ። አንድ የቤተሰብ አባት የዓመታት ደመወዙን ለማያውቀው ኤጀንሲ ማስያዝ እንደሌለበት መናገር ይከብዳል፤ ዘመድ ነውና እምቢ አይልም። ስለዚህ ለእሱ ሲሉ እርስዎ ይናገሩ።

የተነገረዎትና እጅዎ የሚገባው

በኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ አገር አቀፍ ዝቅተኛ ደመወዝ ሳይወሰን ዓመታት አልፈዋል። አዋጅ 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም መንገድ ጠርጓል፤ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ በየሜይ ዴይ ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች ይህ አንዱ ነው። ሞሪሺየስን የመሰለች ትንሽ የደሴት አገር ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝቅተኛውን ደመወዝ ወስናለች። እኛ ዘንድ ወለሉ የለምና ወለሉን የሚያበጁት ሲደራደሩ እርስዎ ነዎት።

ስንት ነው ሲሉ "ያልተጣራ ነው ወይስ የተጣራ?" ብለው ይጨምሩ። ለምሳሌ 6,000 ብር ተባሉ እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከግብር ነጻ የሆነው ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ ከ4,000 እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ ይከፈልበታል። ከ6,000 ብር ላይ 700 ብር ግብር ይነሳል። ለጡረታ 7 በመቶ፣ ማለትም 420 ብር ይቆረጣል። የሚደርስዎ 4,880 ብር ነው። ከዚህ በታች ከደረሰዎ ልዩነቱ የት እንደገባ መጠየቅ የእርስዎ ነው።

የጡረታው ሌላ ፊት አለው። አሠሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ በእኛ ምሳሌ 660 ብር፣ ጨምሮ በድምሩ 18 በመቶ ለግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ማስገባት አለበት። ከደመወዝ ላይ 7 በመቶ እየተቆረጠ ወደ ፈንዱ ሳይገባ የሚቀርበት አጋጣሚ አለ፤ ሠራተኛው የሚያውቀው ዓመታት ቆይቶ ነው። የጡረታ መለያ ቁጥርዎን በመጀመሪያዎቹ ወራት ይጠይቁ። ቁጥር ከሌለ ያልተመዘገቡ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለጠፋ ዕቃ፣ ለተሰበረ መስታወት እየተባለ የሚቆረጠውም ልክ አለው። በአንድ ወር ከደመወዝዎ ሊነሳ የሚችለው ከሲሶው ሊበልጥ አይችልም።

ሰዓቱ

ጥበቃ ሆነው ለሚቀጠሩ ሰዎች ደመወዙን የሚጠጋ ብር ሰዓቱ ውስጥ ተደብቋል። ስለዚህ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው አብረን እናስላ።

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ይህ ማለት ሳምንቱ ቢበዛ 60 ሰዓት ነው። አሁን የተለመደውን የጥበቃ ፈረቃ ይውሰዱ፤ ከምሽቱ 12 እስከ ንጋቱ 12፣ በሳምንት ስድስት ሌሊት። 72 ሰዓት ሆነ። 24 ሰዓት ሠርቶ 24 ሰዓት ማረፍ የሚባለው ደግሞ በአማካይ 84 ሰዓት ይሆናል። ሁለቱም ጣሪያውን አልፈዋል።

ክፍያው ይቀጥላል። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ በአንድ ተኩል ይባዛል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75፤ በሳምንት የዕረፍት ቀን በሁለት፤ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል። 6,000 ብር ለ208 ሰዓት (26 ቀን በ8 ሰዓት) ሲካፈል ሰዓቱ 28 ብር ከ85 ሳንቲም ይመጣል። በሌሊት ትርፍ ሰዓት 50 ብር ከ48 ሳንቲም ነው። ባለ 12 ሰዓቱ ፈረቃ በየሌሊቱ አራት ሰዓት ትርፍ አለው፤ በ26 ሌሊት 104 ሰዓት። አባዙት፦ 5,250 ብር ገደማ። ከደመወዙ ጋር ሊስተካከል ጥቂት ነው የቀረው።

አሠሪው የሚመልሰው አይጠፋውም። "ደመወዙ ሁሉንም ያጠቃለለ ነው" ይላል። ታዲያ ውሉ ላይ ስንቱ መደበኛ፣ ስንቱ ትርፍ እንደሆነ ለይቶ ይጻፈዋ! "ሌሊት እኮ ትተኛላችሁ" የሚለውም አለ፤ ተኝቶ የተገኘ ጥበቃ ምን እንደሚደርስበት ግን ለዚያ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ተግባራዊው ምክር አንድ ነው፤ የገቡበትንና የወጡበትን ሰዓት በየቀኑ ደብተር ላይ ይጻፉ፣ የፈረቃ ሰሌዳ ሲለጠፍ ፎቶ ያንሱ። ስሊፕ የሚሰጥ ከሆነ አንዱንም አይጣሉ። የፈረቃ መዝገቡ ኤጀንሲው ዘንድ ነው ያለው፤ ሲካሰሱ ጠፋ ይላል።

ፈቃድ፣ ሕመም፣ ወሊድ

ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ብዙ ክርክር የማያስነሳ ነው። የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የሕመም ፈቃድ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር ይደርሳል፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ። የሐኪም ወረቀት ግን ይያዙ። ወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ተከታታይ ቀን በደመወዝ ታርፋለች፤ አባት ሦስት ቀን አለው። ሥራ ላይ አደጋ ከደረሰ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው፤ ይህን በሰፈሩ ገና በመገንባት ላይ ባሉ ሕንፃዎች ስካፎልድ ላይ የሚወጣ የቀን ሠራተኛ ማወቅ አለበት። "ቀን ሠራተኛ ነህ፣ አይመለከትህም" የሚለው መልስ ትክክል አይደለም።

አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። በኤጀንሲ ሥር ለተበተኑ ሰዎች፣ አንዱ ሜክሲኮ ሌላው ሳሪስ ለቆመ ሰው፣ ይህ በተግባር እንዴት እንደሚከብድ ማንም ያውቀዋል።

ወደ ውጭ ለመሄድ ካሰቡ

አንዳንዱ ሰው እዚህ ያለውን ስሌት አይቶ ወደ ዓረብ አገር ያያል። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ወጪውን ከፋፍሎታል። ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ክፍያ የአሠሪው ነው፤ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃና የሰነድ ማረጋገጫ የሠራተኛው። በዚህ ሚዛን ላይ "የቪዛ ግዢ" ተብሎ የሚጠየቅ ብር የት እንደሚወድቅ ለማየት ጠበቃ አያስፈልግም። የ8ኛ ክፍል ማጠናቀቅ መስፈርት በ2013ቱ ማሻሻያ ተነሥቷል፤ "ክፍልህን አስተካክልልሃለሁ" ብሎ የሚጠይቅ ሰው አሮጌ ሕግ እየሸጠልዎ ነው።

ቢያባርሩዎት

ከተሰናበቱ በኋላ ትልቁ ጠላትዎ አሠሪው አይደለም፣ ይርጋው ነው። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበቱበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይወድቃል። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ ክፍያው ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር። የጥቅምትን ትርፍ ሰዓት ሚያዝያ ካለቀ በኋላ መጠየቅ አይቻልም፤ በየወሩ አንድ ወር ከጀርባ እየጠፋ ይሄዳል። ከውል መቋረጥ የሚመጣ ሌላ ገንዘብም ስድስት ወር ነው። ኃላፊውን ደጅ መጥናት፣ "በሚቀጥለው ሳምንት ና" መባል ይህን ሰዓት አያቆመውም። የሚያቆመው ፍርድ ቤት መክሰስ ወይም የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚያስፈጽመው የመንግሥት አካል አቤት ማለት ነው፤ ወይም አሠሪው ራሱ ዕዳውን ካመነ። አቤቱታዎን በጽሑፍ ያድርጉና የገባበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ቅጂዎ ላይ ያስመቱ።

ምን ይጠይቃሉ? ማስጠንቀቂያ፦ እስከ አንድ ዓመት ለሠራ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ሦስት ወር። የሥራ ስንብት ክፍያ፦ ጡረታ ለመውጣት ገና ላልደረሰና አሠሪው ከሕግ ውጭ ላሰናበተው ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ለወጣ ሰው፣ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ ሲሶ። በ6,000 ብር ሦስት ዓመት የሠራ ሰው 10,000 ብር። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድም በገንዘብ ይለወጣል። ይህ ሁሉ ውሉ ከተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ ካዘገየ ፍርድ ቤቱ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊቀጣው ይችላል።

ከሰንጋ ተራ ልደታ ፍርድ ቤት በእግር ይደረሳል። ሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ የሥራ ክርክር ችሎት ጉዳዩን በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን አዋጁ ይላል፣ ይግባኝ በ30 ቀን ነው። ስልሳው ቀን ሁልጊዜ ስልሳ አይሆንም፤ ቀጠሮ ይራዘማል፣ ኤጀንሲው መጥሪያ አልደረሰኝም ይላል። የኤጀንሲውን ትክክለኛ አድራሻና የንግድ ስም ገና ሲቀጠሩ የያዘ ሰው እዚህ ላይ ይጠቀማል፤ ሌላው መጥሪያ የሚሰጥበት በር ሲፈልግ ወር ያልፋል። አሠሪዬ ባንኩ ነው ብሎ ባንኩን የከሰሰ ደግሞ ክሱ ተዘግቶ ወደ ኤጀንሲው ሲዞር ሦስት ወሩ አልቆ ሊያገኘው ይችላል።

እርስዎ ሲለቁ

የተሻለ አግኝተው በማግሥቱ ጠፍተው ከቀሩ ያጣሉ። ከሙከራ በኋላ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ፤ ካልሰጡ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሣ ሊጠየቁና ከቀሪ ክፍያዎ ሊነሳ ይችላል። አምስት ዓመት ከሞላዎ በራስዎ ፈቃድ ሲለቁም የስንብት ክፍያ አለ፤ አራት ዓመት ከአሥር ወር ላይ ያለ ሰው ሁለት ወር ቢታገሥ አይጎዳም።

ደብዳቤውን ሲያስገቡ የልምድ ማስረጃም አብረው ይጠይቁ። የሠሩትን የሥራ ዓይነት፣ የቆዩበትን ዘመንና ደመወዝዎን የሚገልጽ ወረቀት በነጻ የመስጠት ግዴታ የአሠሪው ነው፤ ክሊራንስ አልጨረስክም ብሎ ሊይዘው አይገባም። ማስረጃው ላይ የሚወጣው ስም የኤጀንሲው ይሆናል። ቀጣዩ ቀጣሪ የት በር ላይ እንደቆሙ ማወቅ ይፈልጋልና፣ የተመደቡበት ባንክና ሕንፃም በጽሑፉ ውስጥ እንዲጠቀስ ያስጽፉ።